ጋሽ ብሩሽ የጠመመበት ቀን

ጋሽ ብሩሽ መኪና ላይ ሲጽፍ ላየው ሰው ቀዶ ጥገና የሚያካሂድ ይመስላል። በመጀመሪያ ቆርቆሮውን ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ይወለውላል። ከዚያ ገመድ ይወጥራል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ካልጣመው ሁሉንም በጨርቅ ጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። እንዲህ ተደክሞበት «ጌታ ጠባቂዬ» የሚለው ቃል በከባድ መኪና ግንባር ላይ ሲሰፍር፣ ፊደላቱ እንደ ወታደር ደረታቸውን ነፍተው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው ይቆማሉ። በዚህ ሙያ አቻ እንደሌለው ጠላቱም ይመሰክራል። ችግሩ ጠላቱ የገዛ ሚስቱ ወንድም መሆኑ ነው። ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ እግዚአብሔር በጉዳዩ ላይ አለመመስከሩ ነው።

ከከተማው ዳር ጀምሮ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን የሚያቃጥል፣ ሹፌር የሚያስመንን ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ግንባሩ ላይ የጥበቃ ቃል ያልተጻፈበት ከባድ መኪና ከማቆሚያው ግቢ አይወጣም። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ የጠነከረ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ የወረደ ሹፌር ታይቷል፤ ያለ ጽሑፍ የወረደ ግን አልታየም።

ታዲያ በአንድ ክፉ ሰሞን ጋሽ ብሩሽ ከጻፈባቸው መኪኖች ሁለቱ ተከታትለው ጉድ ሆኑ። አንደኛው ሽንኩርት እንደጫነ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ፤ ሰው ባይጎዳም መንገደኛው ሁሉ አለቀሰ። ሁለተኛው ፍሬኑ እምቢ ብሎት ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለ ፀጉር ቤት ውስጥ ገባ፤ ጢሙን ግማሽ የተላጨ ደንበኛ በጓሮ በር ወጥቶ ሮጠ፣ ቀሪውን ግማሽ የት እንደተላጨው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዚያው ሰሞን የሚስቱ ወንድም የጻፈበት መኪና ገደል ገባ። ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ታች ቆመ። ሹፌሩ ከጋቢናው ወጣ፣ ልብሱን አራገፈና «አንድ ጫማዬን ያየ አለ?» አለ። በቃ። ከዚያች ቀን ወዲያ ግቢው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

የሚስቱን ወንድም ሰው የሚጠራው ጠማማው እያለ ነው። የጠመመው ጠባዩ ሳይሆን ፊደሉ ነው። ገመድ አያውቅም፣ ጠመኔ አያውቅም፤ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ «በስመ አብ» ይልና ይለቀዋል። ፊደላቱ ከሠርግ ሲመለሱ የመሸባቸው ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አንዱ ወደ ግራ ዘንበል፣ አንዱ የጎረቤቱ ትከሻ ላይ ድፍት፣ የመጨረሻው ደግሞ ቦታ አልቆበት ጥግ ላይ ኩርምት።

«የጋሽ ብሩሽ ጽሑፍ ለሰው ዓይን ነው» አሉ ሹፌሮቹ። «የጠማማውን ግን ላይኛው ነው የሚያነበው።»

ይህች አባባል የጋሽ ብሩሽን ቆሽት አሳረረች። ቀስ በቀስ መኪና የሚባል ነገር ከእጁ ወጣ። የቀረለት ግድግዳ ነው፤ ጎሚስታ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ደግሞም በየአጥሩ ላይ «መሽናት ክልክል ነው»። ያችንም ቢሆን እንደ መዝሙር አሳምሮ ይጽፋታል። ሰዉ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ጽሑፉን አድንቆ ይሸናበታል። አጥር እንኳ መጠበቅ ያልቻለ ፊደል!

እሑድ እሑድ በጸሎት ቤት የሚስቱ ወንድም ከፊቱ ይቀመጣል። ጋሽ ብሩሽ ስብከቱን ትቶ ማጅራቱን ያያል። ምን አለው ይህ ማጅራት? የቃየንን ታሪክ ደጋግሞ ሲያነብ ራሱን ከማን ጋር እንዳሰለፈ ሲያውቅ ይደነግጥና ገጹን ይገለብጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገልጠዋል። «ቃየንም እኮ ምክንያቱ አልተነገረውም» ይላል ለሚስቱ። «መሥዋዕትህ ይኼ ይኼ ይጎድለዋል ያለው የለም። ዝም ብሎ፣ የወንድምህ ይሻላል!»

«አንተ ሰውዬ፣ ከቃየን ጋር ማኅበር ልትጠጣ ነው እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ። «ወንድሜ ምን አደረገህ?»

ያ ነው ችግሩ። ምንም አላደረገውም። ቢያደርገው በተገላገለ። ጠማማው ባየው ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል። «ብሩሽ አያያዝ ያሳየኝ ጋሼ ነው» እያለ ለሹፌሮቹ ያወራል፤ ሹፌሮቹም ጋሽ ብሩሽን እንደ ሙት አባት በሐዘኔታ ያዩታል።

አንድ ተስፋ ግን ነበረው። ልጁ ነው። ልጁ ትንሽ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በመጨረሻ እህል የምትነግድ አንዲት ባለመኪና ተሳቢ ያለው ከባድ መኪናዋን ሰጠችው። ግንባሩ ገና ያልተነካ ነጭ ነው። ጋሽ ብሩሽ አዲስ ብሩሽ ገዛ፣ ቢጫ ቀለም መረጠ፣ ስለ መውጣትና ስለ መግባት ከሚናገረው መዝሙር አጭር ቃል ለየ። ሌላው ዓለም ቢክደው የገዛ ልጁ ግንባር ላይ፣ በገዛ እጁ፣ ያ ቁልቁለት እያየ!

ልጁ ቁርስ ላይ ዳቦውን እየቆራረሰ ሳይበላ ቆየ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እንዳትቆጣ።»

«እንዳትቆጣ ከተባልኩ ገና ድሮ ተቆጥቻለሁ። በል።»

«ግንባሩን… አጎቴ ቢጽፍልኝስ?»

ጋሽ ብሩሽ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። «የኔ እጅ ምን ሆነ?»

«እጅህማ ምንም አልሆነም። ሽንኩርቱ ግን…»

«ሽንኩርቱን የገለበጠው ሹፌሩ ነው! ስልክ እያወራ!»

«ፀጉር ቤቱስ?»

«ፍሬን ነው! እኔ ፍሬን ላይ ጻፍኩ እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም አባዬ፤ ባለመኪናዋ ናት። የጠማማው ካልሆነ መኪናዬ አይወርድም ብላለች» አለ ልጁ። ከዚያም ዓይኑን ሰብሮ ጨመረበት፤ «እኔም ብሆን… ይቀለኛል። ስወርድ ይቀለኛል።»

«አንተ ደግሞ» አለች ሚስቱ፣ «ልጁ መኪና ሊነዳ እንጂ ሥዕል ቤት ሊከፍት ነው እንዴ? ልቡ ይረፍለት።»

ጋሽ ብሩሽ ተነሥቶ ወጣ። በዚያ ቀን የጻፈው «መሽናት ክልክል ነው» በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የተቆጣው ነው።

ባለመኪናዋ የመጀመሪያውን ጭነት ለቅዳሜ ቀጠረች። ሐሙስ ዕለት ታዲያ ጠማማው የወደቀች ብሩሹን ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ወገቡ ተያዘና እንደ ተዘጋ ቢላዋ ቀረ። ሹፌሮቹ በመሰላል ላይ አጋድመው፣ ለአራት ተሸክመው ቤቱ ወሰዱት። ጋሽ ብሩሽ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሆኖ ሲያልፉ አያቸው። እንደዚያ እንደ መጽሐፉ ሽባ! ጣሪያ መንደል ብቻ ነው የቀራቸው። እሱን ጉንፋን በጣለው ጊዜ ማን ሎሚ ይዞ መጣ?

ዓርብ ሚስቱ እጁን ይዛ ለጥየቃ ወሰደችው። ጠማማው ላጤ ነው፤ የሚኖረው በአንዲት ኪራይ ክፍል፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። ክፍሏ በሰው ጢም ብላለች። ብርቱካን በከረጢት፣ ሾርባ በማሰሮ፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ አንድ ሹፌር ያመጣው ምንነቱ ያልታወቀ ቅባት። ጋሽ ብሩሽ ብርቱካኑን አየና ምራቁን ዋጠ፤ በመብላት ጉጉት አይደለም።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ዘይት ቀብተው ጸለዩ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ጸለየ። ተራው ጋሽ ብሩሽ ዘንድ ደረሰ።

«ጌታ ሆይ… እንደ ፈቃድህ ይሁን። አሜን» አለ።

ሚስቱ ጎኑን ቆነጠጠችው። «እሱ ብቻ?»

«ፈቃዱ ይበቃል፣ ምን ልጨምርበት?»

በልቡ ግን የጨመረው ነበር። በልቡ ያለው «ማረው፤ ግን ቀስ ብለህ» ነው። ይህን ጸሎት ራሱ ሰምቶ ራሱ አፈረ፤ ግን አልሰረዘውም።

ጠማማው ከፍራሹ ላይ፣ አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ዓይኑን ብቻ አዞረ። «ጋሼ፣ የልጃችን መኪና ነገ ይወጣል አሉ። በል አንተ ጻፍለት። ከኔ ምን ይፈልጋል፣ ዋናው አንተ እያለህ?»

የጋሽ ብሩሽ ልብ ዘለለች። ልጁን አየ። የልጁ ፊት ግን እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ቆዳ አውጥቷል።

«አይ አጎቴ» አለ ልጁ። «አንተ ካልቻልክ በባዶ ግንባር እወርዳለሁ።»

አንድ ሰው ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

በባዶ ግንባር! ከአባቱ ፊደል ባዶ ቆርቆሮ ተመረጠ! ጋሽ ብሩሽ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን አላየውም። ቅናት ብዙ ዓይነት ነው፤ የሚያስለቅስ አለ፣ የሚያስቆዝም አለ። የጋሽ ብሩሽ ግን የሚያቅድ ዓይነት ነበር። ዕቅዱም እቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ ተጠናቀቀ። እኔው ራሴ በጠማማው እጅ እጽፋለሁ። ጠማማ አድርጌ። ልጁ የአጎቱ መስሎት በደስታ ይወርዳል፣ በሰላም ይመለሳል። ያኔ ግቢው መሃል እቆምና ሹፌሮቹን ሰብስቤ፣ «ይኼን የጻፈው ማነው? አንብቡት! እኔ ነኝ!» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ላይኛው አንባቢ የሚያወራ ካለ እናያለን።

በሰላም ባይመለስስ? የምትል ሐሳብ በጎን ብቅ አለች። ጋሽ ብሩሽ ያቺን ሐሳብ ልክ የተበላሸ መስመር እንደሚያጠፋ በጨርቅ ጠረጋት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁና ባለመኪናዋ የጭነት ወረቀት ለማስጨረስ ሄደው ነበር፤ ሹፌሮቹ ሻይ ቤት ናቸው። ጋሽ ብሩሽ ከግቢው ጥግ በቆመው መኪና ግንባር ላይ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። ገመዱን እቤቱ ትቶ መጥቷል። ብሩሹን ነክሮ ለቀቀው።

የመጀመሪያው ፊደል ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጠረገው። ደገመ። አሁንም ቀጥ! እጁ አልታዘዝ አለው፤ ለዓመታት የገራው እጅ እንደ ገዳም በቅሎ መንገዱን እያወቀ ይሄዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ዓይኑን ጨፍኖም ቀጥ ይላል። በግራ እጁ ሲሞክር ደግሞ ጭራሽ ፊደል መሆኑ ቀረ። በመጨረሻ አንድ እግሩን ከመሰላሉ አንሥቶ፣ ወገቡን እንደ ታመመ ሰው አጉብጦ፣ ሊወድቅ ሲል መሰላሉን እየያዘ ጻፈ። ዘመም አለለት። ላብ በላብ ሆኖ «ጌታ ጠባቂዬ» የሚለውን ከጫፍ ጫፍ አጣመመው። ወርዶ ሲያየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እንደዚህ አስቀያሚ ነገር በእጁ ወጥቶ አያውቅም። እንደዚህ ደክሞም አያውቅም።

ብሩሹን ገና ሳይጠርግ ልጁ ከነባለመኪናዋ ደረሰ። ግንባሩን አየና ባለበት ደረቀ።

«አጎቴ! አጎቴ ነው! ተነሣ እንዴ?»

ለዚህ ጥያቄ ጋሽ ብሩሽ አልተዘጋጀም ነበር። ዕቅድ የሚያወጣ ቅናት እንዲህ ነው፤ ጣሪያውን ይሠራና በሩን ይረሳል። «ተነሣ» አለ። ውሸት ብቻዋን መቆም ስለማትወድ ድጋፍ ጨመረላት። «ከጸሎቱ በኋላ ተሻለው። አሁን መጥቶ ጽፎልህ ሄደ። እኔ ቀለም ያዝኩለት።»

ልጁ አባቱን አቅፎ ከመሬት አነሣው። ባለመኪናዋ «ክብር ለስሙ!» ብላ ጮኸች። ሻይ ቤት ያሉት ሹፌሮች ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፤ ጽሑፉን አዩ፤ «ጠማማው ተነሣ! ጠማማው ተነሣ!» እያሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ተመሙ። ልጁ ከፊት ነው። ጋሽ ብሩሽ ከኋላ፣ «ቆዩ እንጂ፣ አሁን እኮ ተኝቶ ይሆናል፣ ደክሞት…» እያለ ይሮጣል። ማን ይሰማዋል። አለቀልኝ አለ በልቡ። ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ያገኙታል፤ ዞረው እኔን ያዩኛል።

ጠማማው በእውነትም ፍራሹ ላይ ነበር። በእንቅልፍ ልቡ ከውጭ «ተነሣ! ተነሣ!» የሚል የብዙ ሰው ጩኸትና የእግር ኮቴ ሲሰማ፣ ቤቱ በእሳት የተያያዘ መሰለው። ሕዝቡ ደጃፉ ላይ ሲደርስ በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተና ጠማማው ብቅ አለ፤ በቁምጣ፣ ትራሱን እንደ ሕፃን አቅፎ።

«እሳቱ የት ነው?» አለ።

ወደ ታች እግሮቹን አየ። ቆሞ ነው። እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ወደ ግራ ዘወር አለ፤ ወደ ቀኝ ዘወር አለ። ጎንበስ ብሎ መሬት ነካና ቀና አለ። እንባው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። «ጌታዬ» አለ። «ጌታዬ፣ ቆሜያለሁ እኮ!»

«እሱንማ ሰምተን ነው የመጣነው!» አሉት ሹፌሮቹ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተአምሩ የደረሰበትን ቅጽበት ያወቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ከደስታው የተነሣ አይናገርም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ብሩሽ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። እንዴ! አለ። ውሸቴን እንኳ? ውሸቴን እንኳ ወስደህ ለሱ ተአምር ታደርገዋለህ? በጴጥሮስ ጥላ የዳኑ አሉ ይባላል፤ በምቀኛ ውሸት የዳነ ግን ከዚህ በፊት አልተሰማም።

ጠማማውን ሱሪ አስለብሰው፣ መኪናውን ይባርክ ብለው ወደ ግቢው ወሰዱት። የጋሽ ብሩሽም ሚስት ወሬውን ሰምታ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች መጥታለች። ጠማማው ከግንባሩ ፊት ቆመ።

«ከጻፍከው ሁሉ ይኼ ይበልጣል!» አለው አንዱ ሹፌር። «ተመልከት እንዴት እንደ ጠመመ!»

ጠማማው ፊደል በፊደል አነበበ። ፊደላቱ በእርግጥ ዘመዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን በገመድ የተለካ ያህል እኩል ነው። የመጨረሻውም ፊደል ቦታ አልጠበበውም። ቀስ ብሎ ዞረና ጋሽ ብሩሽን አየው። ጋሽ ብሩሽ ዓይኑን ጎማ ላይ ተከለ።

«ጥሩ ነው» አለ ጠማማው በመጨረሻ። «ከኔ የተሻለ እጅ ነው የጻፈው።»

«አቤት ትሕትና!» አለች ባለመኪናዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «በጌታ እጅ ተጻፈ ማለቱ እኮ ነው! ምን ዓይነት የተባረከ ሰው ነው!»

ጋሽ ብሩሽ እስከዚህ ድረስ ችሏል። ያልታወቀበትን ጥፋት ሸፍኖለት ቢቀር ጠማማውን በልቡ ባመሰገነው። ግን ላቡን፣ መሰላሉ ላይ በአንድ እግሩ የቆመባትን ያቺን ስቃይ፣ ትሕትና ብለው ለሌላ ሰው ሲያጎናጽፉበት ቆሞ ማየት? እውነትን ብዙ ነገር ከሰው አፍ ያወጣታል፤ ከጋሽ ብሩሽ አፍ ያወጣት ንጹሕ ቅናት ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ብሎ ጮኸ።

ግቢው በሣቅ ተናጋ።

«ኧረ ጋሽ ብሩሽ፣ ቅናትም ልክ አለው!»

«እኔ ነኝ እያልኳችሁ! እሱ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነበር!»

«አንተ ሰውዬ፣ አታዋርደኝ» አለች ሚስቱ።

ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን ከቀለሙ ጣሳ መዘዘ፤ አንድ እግሩን አነሣ፤ ወገቡን አጎበጠ፤ ከመኪናው ጎን ተደግፎ በቆመ አሮጌ በር ላይ «ጌ» የምትል አንዲት ፊደል አንጋዶ ጣለ። ከግንባሩ ፊደል ጋር መንታ ናቸው። ሣቁ ቆመ። በእጁ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም አሁን ለሁሉም ታየ።

ልጁ ቀስ ብሎ ቀረበው። «ለምን?»

ለፍቅር ብዬ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሁሉም ያንን ሊሰማ ተዘጋጅቶ፣ አንዳንዱም ሊያለቅስ አፍንጫውን ማሻሸት ጀምሮ ነበር። ጋሽ ብሩሽ ግን ለዛሬ ውሸት በቅቶታል። «በሰላም ስትመለስ» አለ፣ «የኔ ጽሑፍ ነበር ልል።»

«ባልመለስስ?»

በጨርቅ የጠረጋት ሐሳብ አሁን በልጁ ድምፅ ተመልሳ ፊቱ ቆመች። የጥበቃ መዝሙር እየጠቀሰ ጌታን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «በል ዝለል» ያለው ማን እንደነበር ጋሽ ብሩሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። እሱ ራሱም የሚዘል አልነበረም፤ ለዝላዩ ያዘጋጀው የገዛ ልጁን ነው።

«አኳራጁን አምጡልኝ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ላጥፋው። ባዶውን ይውረድ።»

«ተወው» አለ ልጁ። የጋቢናውን በር ከፈተ። «ይልቅ ግባ።»

«የት?»

«እዚህ። የጻፍከውን ካመንከው አብረን እንውረድ።»

ጋሽ ብሩሽ በዚያ ቁልቁለት በከባድ መኪና ወርዶ አያውቅም። መኪና ላይ የሚጽፍ ሰው ናና መኪና ውስጥ ግባ ተብሎ አያውቅም። ሚስቱን አየ።

«ምን ታየኛለህ? ግባ እንጂ!» አለች።

ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበቱም ከድቶታል። ጠማማው መጣና ጀርባውን ሰጠው። «ጋሼ፣ ትከሻዬን ያዝ።» በዚያ አሁን በተፈወሰው ወገብ እንደ ጆንያ አንሥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ምን ዓይነት ጥንካሬ ነው! አለ ጋሽ ብሩሽ በልቡ። ለኔ ጉልበት አንዲት ጠብታ ዘይት ማን ቀባ?

መኪናው ወጣ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጋሽ ብሩሽ ከዚህ በፊት አስቦት የማያውቀውን ነገር አየ፤ ከውስጥ ሆኖ ጽሑፉ አይነበብም። ፊደል የለም፣ መስመር የለም፤ መንገዱ፣ ገደሉና የልጁ እጆች ብቻ አሉ። ልጁ ከመታጠፊያው በፊት ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ፍሬኑን ጫን አድርጎ ይለቀዋል፣ ደግሞ ጫን። አይቸኩልም። መስተዋቱን ያያል፣ ተሳቢውን ያያል፣ ጭነቱ ሲያዘነብል በመሪው ያባብለዋል። ጋሽ ብሩሽ ልጁ ሲነዳ አይቶ አያውቅም ነበር። ከየት የመጣ ልክ ነው ይህ? ገመድ የወጠረ የለ፣ ጠመኔ ያሰመረ የለ።

መጸለይ ጀመረ። ጸሎቱ ሥርዓት አልነበረውም። «እጆቹን» አለ። «እጆቹን ጠብቅ። ዓይኑንም። ያቺን ፍሬን የምትባል ነገር… እሷንም። እኔ ቀናተኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፤ በኔ ምክንያት እሱን እንዳትነካው።» ስለ ፊደሉ ምንም አለማለቱን ያስተዋለው መንገዱ ሜዳ ላይ ሲወጣ ነው።

ልጁ መኪናውን ዳር አቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን ዳሰሰ፤ የፍሬኑ ሽታ ይሰማል፣ ግን ጭስ የለም። ተመልሶ ውሃውን መጀመሪያ ለአባቱ አቀበለው።

«ስንመለስ» አለ መንገዱን እያየ፣ «ይኼን አጥፋና በራስህ እጅ ጻፍልኝ። በገመዱ።»

ጋሽ ብሩሽ ውሃው ትን አለው። እህህ እያለ ደረቱን ሲመታ ልጁ ወደ እናቱ ደወለ፣ ስልኩንም ጮክ አደረገው።

«ወረዳችሁ?» አለች። «ተመስገን! ወንድሜ ነው እኮ፤ ከወጣችሁባት ሰዓት ጀምሮ ከጉልበቱ አልተነሣም። እሱ እየጸለየላችሁ ምን ሊነካችሁ!»

ጋሽ ብሩሽ ጠርሙሱን ጨበጠ። አፉን ከፈተ። እሱም እኮ ጸልዮአል! መታጠፊያ በመታጠፊያ፣ ያለ ሾርባ፣ ያለ ብርቱካን! ልጁ በዓይኑ ጥግ ይጠብቀዋል፤ ከንፈሩ ሊስቅ ሊስቅ ይላል።

«እስካሁን ተንበርክኮ ነው?» አለ ጋሽ ብሩሽ።

«እስካሁን። እዚሁ እኛ ቤት፣ ወለሉ ላይ።»

«በዚያ ወገቡ?»

«በዚያ ወገቡ።»

ጋሽ ብሩሽ በረጅሙ ተነፈሰ። «በይ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጊለት» አለ። ጠርሙሱን እየከደነም ጨመረ፤ «የኔን ትራስ አይደለም ግን።»